ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ በረሃ ለሚወርድ፦ የመንገድ ላይ ጥገና ዝግጅት

ወንድምዓለም፣ «በዋን ኤች ዜድ (1HZ የናፍታ ሞተር) ላንድክሩዘር በባቲ ሚሌ ወርጄ ከአስፋልት ልወጣ ነው፤ ምን መለዋወጫ ልያዝ?» ላልከው። ክሪኩን (መኪና ማንሻውን) እና ስኮርታ (ተጠባባቂ) ጎማውን ሌሎች መልስ ሰጪዎች ቆጥረውልሃል፤ አልደግመውም።

1. ቺንጊያ (የሞተር ቀበቶ) እና የራዲያተር ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ ቱቦ)። አዲስ ገዝተህ ከነካርቶኑ ይዘህ እንዳትወርድ። አዲሱን እዚሁ ኮምቦልቻ አስገጥምና የወለቀውን፣ ካልተሰነጠቀ፣ መጠባበቂያ አድርገው። እሱ ልኩ እንደሆነ ሞተርህ ላይ ሠርቶ አሳይቷል። «ያው ነው፣ አይለይም» የሚሉ ባለሱቆች ስንቱን ሰው በረሃ ላይ አስቀርተዋል! ሁለት ጣት ያጠረ ቺንጊያ እዚያ ዕቃ ማሰሪያ ገመድ ነው። ያንተ ሞተር ደግሞ ዲናሞውን የሚያዞረው በጥንድ ነውና ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይር፤ አዲስና አሮጌ ከተቀላቀለ ጭነቱ ሁሉ አዲሱ ላይ ወድቆ ቶሎ ይበላዋል። መካኒኩ ሲሠራ አጠገቡ ቁም፤ የፈታበትን ቁልፍ ቁጥር እያየህ ያንኑ ያዝ። በቁልፍ ሣጥንህ ውስጥ የቀረው ክብደት ብቻ ነው።

2. ውሃ። ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስተህ ሚሌ ስትገባ 500 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። ኮምቦልቻ ላይ ያልታየ የራዲያተር ድካም እዚያ ይወጣል። ከሚጠጣው ሌላ 20 ሊትር ያዝ። ማኒኮቶ ከተቀደደ እስኪበርድ ጠብቅ፣ አድርቀው፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ቁረጥና እየሳብክ ደራርበህ ጠምጥም፤ ጫፍና ጫፉን በፋሼታ (በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) እሰር። ከሞላህ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን እስከ መጀመሪያው ጥርስ አላላው፤ ግፊት ካልበዛ ልጥፉ ይይዛል። ግን ግፊት ሲያንስ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ስለዚህ ቀስ ብለህ ንዳ፣ የሙቀት መለኪያውን አትልቀቅ።

ውድ የሚያስከፍለው ስህተት ይሄ ነው፦ ሞተሩ ግሎ ውሃ ሲጨርስ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይሰነጠቃል፤ ያንን ባቲም ሚሌም በአንድ ቀን የሚጠግንልህ የለም። ተጎትተህ ትመለሳለህ። ቢያንስ 45 ደቂቃ ጠብቅ፤ ሞተሩ ሲበርድ አስነሳና በቀስታ ጨምር።

3. ጎማ። ጎሚስታዎቻችን በንፋስ መሣሪያ የሚያጠብቁትን የጎማ ዳዶ (ማሰሪያ ብሎን)፣ ከመኪናው ጋር የመጣው ቁልፍ ንቅንቅ አያደርገውም። የአራቱንም ጎማ ዳዶ እቤትህ በእጅህ ፍታና መልሰህ እሰር። ክሪክ አሸዋ ውስጥ ስለሚሰምጥ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ወፍራም ጣውላ ይኑርህ። አሸዋ ላይ አየሩን ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. አውርድ፣ ወደ አስፋልት ከመመለስህ በፊት ሙላ። መንፊያውን ከባትሪው ጋር በቀጥታ አያይዘው፤ በሲጋራ መለኮሻው ካደረግከው ፊውዝ ሊያቃጥል ይችላል። ከሰዓት በኋላ ግፊቱ ጨምሮ ብታየው አታስተንፍሰው፤ ልኩ የሚታወቀው ጠዋት በብርዱ ነው።

የናፍታ ፊልትሮ ሁለት ያዝ፤ ከበርሜል የሚቀዳ ናፍታ ውሃና ደለል አያጣም። ቀይረህ አልነሳ ካለ አየር ገብቷል፦ ከፊልትሮው የሚወጣውን መስመር አላላ፣ አናቱ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ አረፋው እስኪጠፋ ምታ፣ አጥብቅ፣ ፓምፑ እስኪደነድን ድገም። ይሄንንም ግቢህ ውስጥ ራስህ ሞክረው።

የታይሚንግ ቺንጊያህ (የሞተሩን ቫልቭና ፒስተን እኩል የሚያስኬደው) 100,000 ኪሎ ሜትር ከሞላው፣ ወይም መቼ እንደተቀየረ ካላወቅህ፣ ከላይ ካልኩህ ሁሉ በፊት እሱን አስቀይር፤ በረሃ ላይ የሚነካ ነገር አይደለም።