የደም ሥር ሲላላ፦ የልብ ሕመምተኛ ግፊት ሲወርድ (ጥያቄና መልስ፣ ባሕር ዳር)

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከዘጌ በጀልባ የመጣች 50 ኪሎ የምትመዝን እናት አለችን። ሚትራል ቫልቯ (በግራ ልቧ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር) ጠቧል፣ አሁን የሳንባ ምች ይዟታል። ግፊቷ 80/35 ነው። ልቧ ደክሞ ነው ወይስ ደም ሥሯ ላልቶ?

መልስ፦ ሲስተር፣ መጀመሪያ እግሯን ይዳስሱ። ሞቆ፣ ጥፍሯም ሲጫኑት ነጥቶ ቶሎ ከቀላ፣ የታችኛው ቁጥርም እንዲህ ከወረደ ደም ሥሯ ላልቷል። እግሯ ቀዝቅዞ ላብ ካጠመቃት የደከመው ልቧ ነው። ሁለቱ አብረው ሊመጡም ስለሚችሉ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይሠራላት። አማካይ ግፊቷ (የታችኛው እጥፍ ከላይኛው ተደምሮ ለ3 ሲካፈል) 50 ነው፤ 65 እናድርሳት። አንቲባዮቲኩ በመጀመሪያው ሰዓት ይግባ።

ጥያቄ፦ ሴረም እንጨምርላት?

መልስ፦ በጥቂቱ። ቫልቯ ስለጠበበ የተረፈው ወደ ሳንባዋ ይመለሳል። 250 ሚሊ ሊትር ሰጥታችሁ ሳንባዋን አዳምጡ፤ እርጥብ ድምፅ ከመጣ አቁሙ።

ጥያቄ፦ ፓምፕ የለንም። ኖርአድሬናሊን (ደም ሥርን አኮማትሮ ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት) በጠብታ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ ዓይን ካልተነቀለበት። 4 ሚሊ ግራም በ250 ሚሊ ሊትር 5% ዴክስትሮስ ሲበጠበጥ 1 ሚሊ ሊትሩ 16 ማይክሮ ግራም ይይዛል። ለእሷ በደቂቃ 0.1 ማይክሮ ግራም በኪሎ ማለት በሰዓት 19 ሚሊ ሊትር ነው፤ 60 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር በሚሆን ሶሉሴት (የጠብታ መስጫ) በደቂቃ 19 ጠብታ። ክንዷን ስታጥፍ ጠብታው ይቆማል፣ ስትዘረጋ ይፈጥናል፤ ስለዚህ በየ15 ደቂቃው ይቆጠር። በዚያው ቱቦ ሌላ መድኃኒት አይገፋ፤ ውስጡ ያለው ኖርአድሬናሊን ባንዴ ይገባና ግፊቷ ያሻቅባል። መድኃኒቱ ከደም የሚጠፋው በደቂቃዎች ነው፤ ተረኛው ከረጢት የመጀመሪያው ሳያልቅ ተበጥብጦ ይጠብቅ።

ጥያቄ፦ ሌላውን የግፊት ማንሻ፣ ዶፓሚን፣ ብንሰጣትስ?

መልስ፦ ለእሷ አልመርጠውም። እ.ኤ.አ. በ2010 በ1,679 ሕሙማን ላይ በታተመው ጥናት የልብ ምት መዛባት በዶፓሚን 24.1፣ በኖርአድሬናሊን 12.4 ከመቶ ነበር። ጠባብ ቫልቭ ደም የሚያሳልፍበት ጊዜ ይፈልጋል፤ ምቱ ሲፈጥን ያ ጊዜ ያጥራል። ኖርአድሬናሊኑ በደቂቃ 0.25 ማይክሮ ግራም በኪሎ ደርሶ ካልበቃትና ቫሶፕሬሲን (ሌላ ደም ሥር አኮማታሪ) ካገኛችሁ በደቂቃ 0.03 ዩኒት ጨምሩ፤ የሳንባ ደም ሥር ግፊት ላለበት ሰው የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ ኖርአድሬናሊኑ በክንድ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ይሰጣል?

መልስ፦ ይሰጣል፣ ማዕከላዊ መስመር (ወደ ልብ በሚቀርብ ትልቅ ደም ሥር የሚገባ ቱቦ) እስኪገባ ድረስ፣ በክርን ወይም ከዚያ በላይ ባለ ትልቅ ደም ሥር። ቆዳው ነጥቶ ከቀዘቀዘና ካመማት መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ፈሷል ማለት ነው። መድኃኒቱን በሌላ እጅ ቀጥሉ፤ ካኑላውን ሳትነቅሉ የቀረውን በሲሪንጅ ሳቡ። ፌንቶላሚን (የተኮማተረ ደም ሥርን የሚያላላ መድኃኒት) ካለ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በ10 ሚሊ ሊትር ሳላይን በጥብጣችሁ በነጣው ቆዳ ዙሪያ ውጉ።