ኤች-ኢንዴክሱ 85 የሆነው ፕሮፌሰር ጋ ልግባ?

ውድ እህቴ፣

በቅድሚያ ሁለት ላብ በአንዴ ስለተቀበሉሽ እንኳን ደስ አለሽ። እንደጻፍሽልኝ ማስተርስሽን በሞለኪውላር ባዮሎጂ ጨርሰሽ በጡት ካንሰር ላይ ፒኤችዲ ልትጀምሪ ነው። አንደኛው ፕሮፌሰር ኤች-ኢንዴክሱ (ጽሑፎቹ በሌሎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚለካው ቁጥር) 85 ነው፤ ሥራዎቹ ከ40,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሰዋል። ሁለተኛዋ ላብ ከከፈተች ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ኤች-ኢንዴክሷም 19። ጓደኞችሽ «ይሄ ደግሞ ምን ያስጠይቃል?» አሉሽ። እኔ ግን ያስጠይቃል ባይ ነኝ።

ኤች-ኢንዴክስን እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ምሁር ነው። 19 ሲባል ተመራማሪዋ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 19 ጊዜ የተጠቀሱ 19 ጽሑፎች አሏት ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከዓመት ዓመት ይወጣል እንጂ አይወርድም። ፕሮፌሰሩ ዛሬ ላቡን ቢዘጋ እንኳ 85ቱን የሚነካበት የለም። የድሮ ሥራዎቹ መጠቀሳቸውን ስለማያቆሙ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። ረጅም ዘመን የሠራን ሰው ከጀማሪ ጋር በዚህ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው።

በካንሰር ምርምር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ትልልቅ የመድኃኒት ሙከራዎችና የጂኖም ጥናቶች አንዳንዴ ከመቶ በላይ ደራሲ ይሰለፍባቸዋል። ናሙና የላከውም ሐሳቡን ያፈለቀውም እኩል ጥቅስ ይቆጠርላቸዋል። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር በየዓመቱ የሚያወጣውን የካንሰር ስታቲስቲክስ ተመልከቺ። ስንት ሰው ይታመማል፣ ስንት ይሞታል የሚለውን ግምት ተመራማሪው ሁሉ መግቢያው ላይ ስለሚጠቅሰው፣ የሚወጣበት ጆርናል ኢምፓክት ፋክተር (አንድ ጽሑፉ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀስ የሚያሳየው ቁጥር) በመቶዎች ይቆጠራል። በጣም ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ጥቅሱ የበዛው አዲስ ግኝት ስላለበት አይደለም።

ብዙ መጠቀስ ትክክል ለመሆንም ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2012 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ ጆርናል ላይ በወጣ ጽሑፍ፣ አምጀን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪዎች 53 ታዋቂ የካንሰር ጥናቶችን ደግመው ለማረጋገጥ ሞክረው የተሳካላቸው በ6ቱ ብቻ እንደሆነ ተገልጿል። ካልተረጋገጡት መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ጽሑፎች የተገነቡባቸው ነበሩ። በተቃራኒው ተመራማሪውን ፔይተን ራውስን እዪ። ቫይረስ በዶሮ ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰው ቁብ አልሰጠውም፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1966 ነው።

ታዲያ ምን ልይ ትዪኝ ይሆናል። ፐብሜድን (የሕክምናና የባዮሎጂ ጽሑፎች መፈለጊያ ድረ ገጽ) ክፈቺና የእያንዳንዳቸውን ያለፉት አምስት ዓመታት ሥራዎች አውጪ። ስማቸው የተለመደ ከሆነ ከሌላ ሰው ሥራ ጋር እንዳይደባለቅብሽ ኦርሲዳቸውን (የተመራማሪ መለያ ቁጥራቸውን) ተጠቀሚ። ከዚያ ርዕሱን ተዪና የስም ዝርዝሩን ብቻ አንብቢ። በዚህ ሙያ ሥራውን በእጁ የሠራው መጀመሪያ፣ ላቡን የሚመራው ደግሞ መጨረሻ ላይ መጻፉ የተለመደ ነው። ፕሮፌሰሩ መጨረሻ ላይ ያለባቸውን ለይተሽ ያዢ። መጀመሪያ ላይ ያሉት እነማን ናቸው? የላቡ ድረ ገጽ ላይ ካሉት የፒኤችዲ ተማሪዎች ጋር አመሳክሪ። የተማሪ ስም ከፊት ካለ ጥሩ ነው። ከፊት ያሉት ሁልጊዜ ፖስትዶኮች (ፒኤችዲ ጨርሰው ላቡ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች) ከሆኑና ተማሪዎቹ መሐል ላይ ብቻ ከታዩ፣ አንቺም ከእነሱ የተለየ ዕድል ላይገጥምሽ ይችላል። ስትመረቂ ይዘሽ የምትወጪው በራስሽ ስም ከፊት የወጣውን ሥራ እንጂ የእሱን 85 አይደለም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው መለኪያ ይህ ነው።

በዚያው የተሰረዙ ጽሑፎችን የሚከታተለውን «ሪትራክሽን ዎች» ድረ ገጽም አገላብጪ፤ የተሰረዘ ጽሑፍ ካለ ምክንያቱን አንብቢ። ራሱ ስሕተት አግኝቶ ያሰረዘ ሰው ሊያስመሰግነው እንጂ ሊያስወቅሰው አይገባም። የተጭበረበረ ምስል ተገኝቶ ከሆነ ግን ላቡን እርሺው።

በመጨረሻም ከየላቡ ለወጡ ሁለት ሁለት ተማሪዎች ጻፊላቸው፤ ጨርሶ የወጣም አቋርጦ የወጣም ይኑርበት። «ደህና ነው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። «ረቂቅሽን ስትሰጪው በስንት ጊዜ ይመልሰዋል? ውጤቱ እንደተጠበቀው ሳይሆን ሲቀር ምን ይላል? የመጀመሪያ ጽሑፍሽ የወጣው በስንተኛው ዓመት ነው?» በያቸው።

በተረፈ የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፦ የሁለተኛዋ ተማሪዎች ከፊት ካሉና የምርምር ገንዘቧ እስክትጨርሺ የሚያዘልቅ ከሆነ እሷ ጋ ግቢ። ገንዘቡን በግልጽ ጠይቂያት፤ ነውር የለውም። የፕሮፌሰሩም ተማሪዎች ከፊት ከሆኑ፣ የትኛውን ጥያቄ አራትና አምስት ዓመት ሳይሰለችሽ እንደምትሠሪው አስቢና በዚያ ወስኚ።