ከ16 ዓመት በኋላ ወደ ትምህርት ገበታ ለሚመለሱት ወንድማችን

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድማችን ትናንት ማታ «ዕድሜዬ 37 ነው፤ ትምህርት ካቆምኩ 16 ዓመት ሆኖኛል፤ እዚሁ ድሬዳዋ በኤሌክትሪክ ሥራ እተዳደራለሁ፤ በጥቅምት በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ማኔጅመንት ልጀምር ነው፤ እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ከወጣቶቹ ጋር እኩል ለመራመድ ከአሁኑ ምን ላዘጋጅ?» ብለው ጠይቀዋል። የተሰጡትን መልሶች አንብቤአለሁ፤ አብዛኞቹ «በርቱ» የሚሉ ናቸው። እኔ በ36 ዓመቴ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛና የሦስት ልጆች እናት ሆኜ፣ በዚሁ ከተማ በቅዳሜና እሑድ አካውንቲንግ ተምሬ ስለጨረስኩ፣ ማበረታቻውን ለሌሎች ትቼ ዋጋ ያስከፈለኝን ልንገርዎት።

አንደኛው ነገር መጠየቅ ነው። ይህን ያስቀደምኩት ከሁሉም የከበደኝ እርሱ ስለነበረ ነው። በሥራ ቦታዬ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እኔን ነበር፤ ክፍል ውስጥ ግን ከበኩር ልጄ ብዙም የማይበልጡ ወጣቶች እንደ ዋዛ የሚናገሯቸውን ቃላት አላውቃቸውም ነበር። መምህሩ «ኮርስ አውትላይን ላይ አለ» ሲሉ ኮርስ አውትላይን የኮርሱ ይዘት ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት እንደሆነ ሳላውቅ፣ ሳልጠይቅም ራሴን እነቀንቅ ነበር። «ትልቅ ሰው ሆና ይህን አታውቅም» እንዳይሉኝ እፈራ ነበር። በዚህ ሁኔታ የመጀመሪያውን ሴሚስተር በ12 ክሬዲት አወር (የኮርሶች ክብደት የሚለካበት ነው) ከ4.00 3.00 አምጥቼ አለፍኩ፤ ዛሬም ድረስ በዚያ ውጤት እኮራለሁ።

በሁለተኛው ሴሚስተር፣ በመጋቢት ወር፣ ሐረር የሚኖሩት እናቴ በጠና ታመሙ። በሥራ ቀናት እህቴ ታስታምማቸው ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ተራው የእኔ ነበር። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ክፍል መግባት ሲገባኝ፣ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር በምትወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ትምህርቱን በሚቀጥለው ዓመት ካቆምኩበት እቀጥላለሁ ብዬ አሰብኩ። ትምህርት የሚያቋርጥ ሰው የዊዝድሮዋል ፎርም መሙላት እንዳለበት፣ ይህም የሚሞላው በተወሰነ ቀን ውስጥ እንደሆነ፣ ፎርሙን በጊዜው የሞላ ተማሪ ኮርሶቹ ከአማካይ ውጤቱ ጋር እንደማይሰሉበት አላወቅኩም፤ የሚያውቅ ሰውም አልጠየቅኩም።

እናቴ ተሽሏቸው ስመለስ አራቱም ኮርሶች ኤፍ ሆነው ጠበቁኝ። ሂሳቡን ራስዎ ይዩት፦ በመጀመሪያው ሴሚስተር 12 ክሬዲት በ3.00 ሲባዛ 36 ነጥብ ነበረኝ፤ በሁለተኛው ሴሚስተር ሌላ 12 ክሬዲት በዜሮ ተጨመረ፤ 36 ለ24 ሲካፈል 1.50 ሆነ። ለመመረቅ የሚጠየቀው 2.00 ነው። በአንድ ወረቀት ጉድለት አንድ ዓመት ታገድኩ፤ ስመለስም ለአራቱ ኮርሶች ሁለተኛ ጊዜ ከፈልኩ።

የሬጅስትራሩ፣ ማለትም የተማሪዎች ምዝገባና ውጤት ክፍሉ፣ መስኮት ላይ የሆነውን ደግሞ እስካሁን አልረሳሁትም። ስሙን የማልጠቅሰው ተቋም ነው። የእናቴን የሕክምና ማስረጃ ይዤ፣ ከሃያ በማያንሱ ወጣቶች ፊት ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ፣ ሠራተኛዋ ማስረጃውን ሳታነበው መልሳ ገፋችልኝና «ትልቅ ሰው ሆነሽ ይህን አታውቂም?» አለችኝ። ስምንት ወር ሙሉ ሳልጠይቅ የኖርኩት ያንን ቃል ላለመስማት ነበር፤ ዓመቱንና ገንዘቡን ካጣሁ በኋላ ቃሉንም ሰማሁት። ሰውን ለማገልገል መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው ትልቅን ሰው እንዲህ ሊናገር አይገባውም፤ ይህን ዛሬም በሙሉ ልቤ እላለሁ። እርስዎ ግን የመስኮቷን ሴት ጠባይ መለወጥ ስለማይችሉ፣ ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ የተማሪዎችን ደንብ ይጠይቁና ኮርስ የሚጨመርበትንና የሚቀነስበትን፣ ትምህርት የሚቋረጥበትን፣ ያመለጠ ፈተና ማመልከቻ የሚገባበትን ቀን ጽፈው ቤትዎ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። የሚያስገቡትን ማመልከቻ ሁሉ በሁለት ኮፒ ያድርጉት፤ አንዱ ላይ ያስፈርሙና ማኅተም ያስመቱ።

ሁለተኛው አጠናን ነው። እኔ ያደግኩት በሽምደዳ ነው፤ ስለዚህ ሞጁሉን፣ ማለትም የኮርሱን መማሪያ ጽሑፍ፣ ሦስት ጊዜ ካነበብኩ ያወቅኩት ይመስለኝ ነበር። ከክፍል ጓደኞቼ ብዙዎቹ ደግሞ ከሰዓት ላይ፣ ድሬዳዋ በሙቀት ሱቋን በምትዘጋበት ሰዓት፣ ጫት ይዘው ተሰብስበው ያጠኑ ነበር፤ እኔም ለሚድ ፈተና ሁለት ጊዜ አብሬአቸው ተቀመጥኩ። በምርቃናው ሰዓት ያልገባኝ ነገር አልነበረም፤ ፈተናው ላይ ግን ገጹ የት እንደነበረ እንጂ የተጻፈው ምን እንደሆነ አላስታውስም ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቼ፣ ጠዋት ደክሜ ነው የተፈተንኩት። በእኔ ምክር ጫትና ጥናትን አያገናኙ።

ከእገዳው ከተመለስኩ በኋላ አንድ መምህራችን ሞጁሉን ዘግተን፣ በባዶ ወረቀት ላይ የምናስታውሰውን ሁሉ እንድንጽፍ አስለመዱን። በመጀመሪያው ቀን አራት መስመር ብቻ ጻፍኩና አለቀስኩ። በኋላ ይህ መንገድ የተጠና እንደሆነ ተረዳሁ፤ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች በልጠው ነበር፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን አንድ ጊዜ አንብበው በቃላቸው ለማስታወስ የሞከሩት በልጠዋቸዋል። የእኛ ፈተና ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይመጣም። እኔ በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ፣ ልጆቹ ሳይነቁ፣ ግቢው ገና ቀዝቃዛ እያለ አንድ ሰዓት በባዶ ወረቀት ላይ እሠራ ነበር። ለሥራ ሰው ከዚያ የተሻለ ሰዓት አላገኘሁም።

ሦስተኛ፣ እንግሊዝኛውን በተመለከተ፣ ችግሩ ቋንቋው ብቻ ነው ብለው አያስቡ። ዕቃ ገቢና ወጪ የማድረግ ሥራ ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ በሞዴል 19 ገቢ አደርጋለሁ፣ በሞዴል 22 ወጪ አደርጋለሁ፣ ቢን ካርድ በሚባለው የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ ላይ ቀሪውን እጽፋለሁ። ስለ ዕቃ ክምችት ሂሳብ የሚያወራው ምዕራፍ ሲመጣ ግን በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ብቻ ከሌላ ዓለም የመጣ መሰለኝና ለሦስት ሳምንት ፈራሁት። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ቀድሞ የገባውን ካርቶን ቀድሜ ሳወጣ፣ መጽሐፉ የሚለው ይህንኑ እንደሆነ ድንገት ገባኝ። በዚያ ኮርስ ኤ አመጣሁ። የጎልማሶችን ትምህርት ያጠኑት አሜሪካዊው ማልኮም ኖልስ የጎልማሳ ተማሪ የሕይወት ልምድ ራሱ የመማሪያ ሀብት ነው ብለው ያስተምሩ ነበር፤ እኔ ያንን በመጋዘን ውስጥ አየሁት። እርስዎም ለአንድ ቤት የሽቦ ዝርጋታ ዋጋ ሲያወጡ፣ ረዳት ሲቀጥሩና ሥራ ሲያከፋፍሉ ማኔጅመንት ሲሠሩ ኖረዋል። እያንዳንዱን ምዕራፍ ከአንድ የሠሩት ሥራ ጋር ያያይዙት፤ መጀመሪያ በሚቀናዎት ቋንቋ ለሌላ ሰው ያስረዱት፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይጻፉት። የእኛ የጥናት ቡድን አምስት ሰው ነበር፤ አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ አንዷ በሶማሊኛ፣ እኛ በአማርኛ እያስረዳን፣ መልሱን ግን ሁላችንም በእንግሊዝኛ እንጽፈው ነበር። አምስታችንም ተመርቀናል።

የመጀመሪያ ዓመት ደብተሮችዎን ደግሞ አይጣሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ጥያቄውም ቀደም ባሉት ዓመታት ከተማርነው ጭምር ይመጣል። ፈተናው በኮምፒዩተር ስለሆነ፣ ማውስ መያዝ ካልለመዱ እጅዎን ከአሁኑ ያለማምዱ፤ እኔ የተለማመድኩት በልጄ ትምህርት ቤት ጓደኛ ኮምፒዩተር ላይ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ 67 አምጥቼ አልፌአለሁ።

የሂሳብ መሠረታዊ ትምህርትና የኢኮኖሚክስ ደብተሮቼ አሁንም አሉኝ፤ እርስዎም ሁለቱን ኮርሶች መውሰድዎ አይቀርም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከፊራ ገበያ አካባቢ ስለምገኝ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝና መጥተው ይውሰዷቸው፤ የዊዝድሮዋል ፎርሙንም ኮፒ አብሬ እሰጥዎታለሁ።