በሩ ላይ ቆሞ ለሚመለሰው

ይድረስ በቤተ መጻሕፍት ሥራ ገና ለምትጀምሩ ልጆቼ፦

አንድ ሰውዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ እየመጣ በሩ ላይ ባለው ምንጣፍ ጫማውን ይጠርጋል። ግራውን፣ ቀኙን፣ እንደገና ግራውን። ከዚያ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ወደ ውስጥ ያይና ተመልሶ ይሄዳል። እኔ የውሰት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ ካርድ እየደረደርኩ አየዋለሁ። በሩ ክፍት ነው፣ ከፈለገ ይግባ፤ ሐሳቤ ይኸው ነበር። በአራተኛው ሳምንት ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ተነስቼ ወጣሁና «ምን ልታዘዝ?» አልኩት። ደነገጠ። «የለም፣ እኔ እንኳ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እዚህ ነው የምትገባው፤ ምን እያየች እንደምታመሽ ልወቅ ብዬ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያስከፍላል እንዴ?»

ለካ ጫማውን የሚጠርገው ለመግባት ራሱን እያደፋፈረ ኖሯል።

በዚህ ሥራ 31 ዓመት ቆይቻለሁ። ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ የዚያን ምንጣፍ ያህል ያስተማረኝ ግን የለም። የሚመጣውን አንባቢ ማስተናገድ የሥራው ግማሽ ነው። የማይመጣው ማን ነው፣ ለምንስ ቀረ ብሎ መጠየቅ ሌላው ግማሽ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም በሥራ መዘርዝራችሁ ላይ አይጽፍላችሁም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት የፒተርቦሮ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1833 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ከሕዝብ ገንዘብ ላይ ለሁሉም የሚሆን ቤተ መጻሕፍት ይቁም ብለው ወሰኑ። ብሪታንያም በ1850 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ አወጣች። በሩ ተከፈተ ማለት ነው። መደርደሪያው ግን በብዙ ቦታ ገና ዝግ ነበር፤ አንባቢው ከካታሎጉ ርዕስ መርጦ፣ በወረቀት ጽፎ ለሠራተኛው ይሰጥና እስኪመጣለት ይጠብቃል። በ1894 ለንደን ውስጥ፣ ክላርከንዌል በሚባለው ሰፈር፣ ጄምስ ደፍ ብራውን አንባቢዎች መደርደሪያው ዘንድ ገብተው በገዛ እጃቸው እንዲመርጡ ሲፈቅድ የሙያ ጓደኞቹ ተነሱበት። ይሰረቃል፣ ይደበላለቃል ነው ክርክራቸው። መደበላለቁንስ ይደበላለቃል፤ እኔም ስንቱን ጠዋት የምግብ አሠራር መጽሐፍ ከሥነ ፈለክ መሀል ሳወጣ አሳልፌያለሁ። ነገር ግን ሰው ስሙን የማያውቀውን መጽሐፍ በወረቀት ጽፎ ሊጠይቅ አይችልም። ከመደርደሪያው ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ነው የሚያገኘው።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ከልጁ ጎን አስቀመጥኩት። በጣቷ መስመሩን እየተከተለች አነበበችለት፤ እሱ ግን ፊደሉን ትቶ የሚያየው ፊቷን ነበር። ትንሽ ቆይቶ ተነሳና መደርደሪያውን መዞር ጀመረ። የሞተር ሥዕል ያለበት አንድ መጽሐፍ አወጣ። ያለን እሱ ብቻ ነበር፤ ያረጀ፣ ሥዕሉ ጥቂት፣ ጽሑፉ ጥቅጥቅ ያለ። ገልጦ ገልጦ መለሰው። መካኒክ እንደሆነ የነገረኝ ሲወጣ ነው። ያን ዕለት ማታ አንድ ተራ ደብተር አውጥቼ የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩ። ስለ ደብተሩ ኋላ እነግራችኋለሁ። ለጊዜው ይህን ልበል፦ በሚቀጥለው ግዢ ሥዕል የበዛባቸው ሦስት የጥገና መጻሕፍት አስገባን፤ ከማንኛውም ልብ ወለድ ቀድመው ጠርዛቸው ያለቀው እነሱ ናቸው።

ራንጋናታን የሚባለው ህንዳዊ የሒሳብ መምህር ነበር። በ1924 ወደ ማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተዛወረ፤ በ1931 አምስት የሙያ ሕጎች አወጣ። መጻሕፍት ለጥቅም ናቸው፤ ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው፤ የአንባቢውን ጊዜ ቆጥብ፤ ቤተ መጻሕፍት እያደገ የሚሄድ ሕያው ነገር ነው። ሁላችሁም ለፈተና ትሸመድዱታላችሁ። ሦስተኛውን ቆም ብላችሁ እዩት። መጽሐፍ እግር የለውም፤ አንባቢውን ፈልጎ የሚሄድለት እናንተ ናችሁ። በኮሎምቢያ ሉዊስ ሶሪያኖ የሚባል መምህር አልፋ እና ቤቶ የሚላቸውን ሁለት አህዮች መጽሐፍ ጭኖ ገጠር ለገጠር ይዞራል። እኔ አህያ አልነበረኝም። ሃያ መጽሐፍ በሣጥን ይዤ በአቅራቢያችን ያለ ጤና ጣቢያ ተራ መጠበቂያው ጋ አስቀመጥኩ። ከሃያው አሥራ አራቱ ተመለሱ። አለቃዬ ስድስት ጠፋ አሉ፤ እኔ ስድስት ተነበበ አልኩ። አልተስማማንም።

ስለ ክምችት ከተነሳ፣ መጽሐፍ ማስወገድን አትፍሩ። ጊዜ ያለፈበት የሕክምና መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ከመቆየቱ መቅረቱ ይሻላል፤ አምኖ የሚያነበው ሰው አለና። ጣት የማያስገባ ጥቅጥቅ ያለ መደርደሪያ ደግሞ ሀብታም ይመስላል እንጂ ሰው ከውስጡ አንድ መጽሐፍ መዝዞ አያወጣም። ይህን ስል ግን እጄ የፈጠነበትን ቀን ሳልነግራችሁ ባልፍ ነውር ነው። የስቴፕለር ሽቦው የዛገ የአንድ ማኅበር መጽሔት፣ በሣጥን ሙሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው ዘጠኝ ዓመት የቆየ፤ አስወገድኩት። በሁለት ወሩ አንዲት ሴት መጣች። እናቷ በወጣትነታቸው የጎልማሶች ትምህርት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የተነሱት ፎቶ እዚያ መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። ቤታቸው የዚያ ዘመን ሌላ ፎቶ የለም። የለንም ስላት አመሰገነችኝ። ማመስገኗ ነው የባሰው።

የታወቀ ልብ ወለድ ቢጠፋባችሁ ይገዛል። እዚሁ ሰፈር ሃምሳ ቅጂ ታትሞ የተበተነ ወረቀት ግን እናንተ ካልያዛችሁት ዓለም ላይ የለም። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ቀን «ፎቶ አምጡ» የምንለው ነገር ጀመርን። ሰዎች የቆየ ፎቶ ይዘው ይመጣሉ፣ ስካን አድርገን ዋናውን እዚያው እንመልሳለን፣ ቅጂው እኛ ዘንድ እንዲቆይ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ እንወስዳለን። በመጀመሪያው ዓመት ስካን ማድረጉን ብቻ አስበን ነበር። ኋላ እንደገባን ትልቁ ሥራ ስም ነው፤ በፎቶው ላይ ያሉት እነማን ናቸው? አዛውንቶቹን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጡና አስጠሯቸው። «ይቺ እኮ እንትና ናት!» «ኧረ እህቷ ናት!» ይከራከራሉ፣ ይስቃሉ፣ አንዳንዴም ዝም ይላሉ። የሚሉትን ጻፉ። ከፎቶው ጀርባ የምትጽፉ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፎቶው ፊት ይወጣል።

ዝግጅት የሚባለውን ነገር የተማርኩት በስልሳ ወንበር ነው። አንድ ምሁር ጋብዘን፣ ርዕሱን ራሳችን መርጠን፣ ስልሳ ወንበር ደርድረን ጠበቅን። አምስት ሰው መጣ፤ ሁለቱ የኛው ሠራተኞች ናቸው። ሰዓቱ ሰው ሥራ ላይ የሚሆንበት ነበር። ማታ ወንበሮቹን ስመልስ የምወቅሰው ሕዝቡን ነበር፣ ማንበብ አይወድም እያልኩ። በሳምንቱ አንዷ ወጣት ባልደረባችን ትልቅ ወረቀት በሩ ላይ ለጥፋ «ምን ብታውቁ ትወዳላችሁ?» ብላ ጻፈችበት። የሥራ ማመልከቻ መጻፍ። ሳይጭበረበሩ በስልክ ገንዘብ መላክ። ለሕፃን እንዴት ይነበባል? አንዱ ደግሞ «ዝምታ» ብሎ ጽፏል፤ እሱም ልክ ነው፣ ለሱም አንድ ክፍል ለየንለት። የስልኩ ትምህርት ቀን ወንበር ጎደለን።

ትልልቅ ምሳሌዎችን ማወቅ ደግ ነው፣ መጠናቸውን ለመቅዳት ግን አትሞክሩ። በ1998 በሲያትል የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ናንሲ ፐርል «ሲያትል በሙሉ አንድ መጽሐፍ ቢያነብስ» ብላ አስጀመረች፤ ሐሳቡ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ። እናንተ በአሥር ሰው ጀምሩ። አጭር መጽሐፍ ምረጡ፣ በቂ ቅጂ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በውይይቱ ላይ «ምን ትምህርት አገኛችሁ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ አደራ፤ ክፍሉ ወዲያው ፈተና ይሆናል። «የቱ ጋ ስትደርሱ አስጠልቷችሁ ልትተዉት ነበር?» በሉ። አፍ የሚያስከፍተው እሱ ነው።

ሌላው ሰውን እንደ መጽሐፍ ማዋስ ነው። በ2000 በዴንማርክ የሮስኪልዴ ፌስቲቫል ላይ የተጀመረ ነው፤ አንባቢው አንድ ሰው ይዋስና ፊት ለፊት ተቀምጦ ሕይወቱን ይጠይቀዋል። እኛም በትንሹ ሞከርነው። ከሁሉ በላይ ተፈላጊ የነበሩት በብሬል የሚያነቡ አንድ ዓይነ ስውር አባት ናቸው። ተዋሾቻቸው ሲያልቁ ወደ እኔ ዞረው፣ «እኔን ለሰው ስታውሱ ዋላችሁ፤ ለኔ የምታውሱኝ ምን አላችሁ?» አሉኝ። ምንም አልነበረንም። የማራኬሽ ስምምነት የሚባለውን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። በ2013 ተፈርሞ ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ ማየት ለተሳናቸውና የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለሚቸግራቸው ሰዎች የቅጂ መብት ባለቤቱን ፈቃድ ሳይጠብቁ በብሬልም በድምፅም ቅጂ ማዘጋጀትን፣ በአባል አገሮች መካከል መለዋወጥንም ይፈቅዳል። አገራችሁ አባል መሆኗን አጣሩና ከሆነች ተጠቀሙበት።

ለልጆች ስለ ማንበብ ብዙ ማለት እወዳለሁ፤ እድሜዬም ፍቅሬም እዚያ ነው። ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መጽሐፉን በአንድ እጃችሁ ከጎናችሁ፣ ገጹን ወደ ልጆቹ አዙራችሁ ያዙት፤ እናንተ በጎን አይታችሁ እንድታነቡ አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ ተለማመዱት። አንባቢው መጽሐፉን ወደ ራሱ አዙሮ ሲያነብ ልጆቹ የሚያዩት የሽፋኑን ጀርባ ነው፤ ቢያዛጉ አይፈረድባቸውም። ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ትንሽ ቆዩ። እዚያች ዝምታ ውስጥ ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን በሐሳቡ ይፈጥራል። ያንኑ መጽሐፍ ለአምስተኛ ጊዜ ቢጠይቋችሁ አንብቡላቸው፤ የሚሰለቸው እናንተን ነው እንጂ እነሱን አይደለም። ከኋላ የቆሙትን ወላጆችም ቁጭ አድርጓቸው። ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ ሥዕሉን እያየ ታሪኩን በራሱ አፍ ማውራት ይችላል፤ ያም ንባብ ነው፣ እንዲህ ብላችሁ ንገሩት። ያ መካኒክ በኋላ ይህን ያደርግ ነበር፤ ልጁ «አባዬ፣ እንዲህ አይልም እኮ!» ስትለው «የኔው መጽሐፍ እንዲህ ይላል» ይላታል።

የቅጣት ነገር። መጽሐፍ ያዘገየ ሰው ገንዘብ ይከፍላል፤ እኔም ለዓመታት በጥብቅ አስከፍያለሁ፣ ደረሰኝ ቆርጫለሁ። አንድ ልጅ የተዋሰው መጽሐፍ ዝናብ መትቶበት ሦስት ዓመት ከፊታችን ጠፋ። ሦስት የንባብ ዓመት! መጽሐፉ ግን ያን ያህል ዋጋ ያለው አልነበረም። ቺካጎ በ2019 የማዘግየት ቅጣትን ስታነሳ፣ ለረጅም ጊዜ ቤት ተደብቀው የኖሩ መጻሕፍት ከነተዋሾቻቸው መመለስ ጀመሩ። ደንቡን የምታወጡት እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ፤ ደንቡ እንዴት ባለ ፊት እንደሚነገር ግን በእናንተ እጅ ነው።

ሪፖርት ቁጥር ይፈልጋል፤ ስጡት። በር የረገጠውን፣ የተዋሰውን፣ ዝግጅት ላይ የተገኘውን ቁጠሩ፣ በጀት የሚመጣው በዚያ ነው። ከዚያ ጎን ግን ያልኳችሁን ደብተር ያዙ። በላዩ ላይ «የሌለን» ብላችሁ ጻፉ። ሦስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ቀኑ፣ የተጠየቀው፣ ምን አደረግን። የጠያቂውን ስም አትጻፉ፤ ሰው የሚያነበውና የሚፈልገው የግሉ ነው። መጽሐፍም ይሁን፣ ሰዓትም ይሁን፣ «መጸዳጃ ቤት የት ነው» የሚለውም ቢሆን፣ የለም ብላችሁ የመለሳችሁት ሁሉ ይግባ። በወር አንዴ ከግዢ በፊት ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የኔው የመጀመሪያ መስመር «የሞተር መጽሐፍ፣ ሥዕል ያለው» ይላል። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ የቀረባቸው መስመሮችም አሉ፤ የዚያች ሴት መጽሔት አንዱ ነው።

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ፣ ባልደረባ ሁሉ በሚደርስበት ቦታ አኑሩት። እስክሪብቶውን በክር እሰሩት፣ አለዚያ በሳምንቱ ይጠፋል።