ስኳራቸው ተስተካክሎ ሳለ ዳፓግሊፍሎዚን ለምን ታዘዘላቸው?

እህቴ፣ አባትሽ ስኳራቸው በሜትፎርሚን ተስተካክሎ ሳለ ሐኪሙ ዳፓግሊፍሎዚን ለምን እንደጨመረላቸው ጠይቀሻል። ጎረቤት «ኩላሊት ይጎዳል» ስላለሽም ይተዉት ወይስ ይቀጥሉ ብለሻል። በወሬ አታስተዪአቸው። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ስኳርም የልብ ድካምም ያለባትን እናቴን እዚህ የካ አባዶ አብሬያት እየኖርኩ አስታምማለሁ። እርሷም ይህንኑ መድኃኒት ትወስዳለች።

ይህ መድኃኒት የሚታዘዘው ስኳር ለማውረድ ብቻ አይደለም። ኩላሊት ደም ሲያጣራ የወጣውን ስኳር መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል። ዳፓግሊፍሎዚንና የቅርብ ዘመዱ ኢምፓግሊፍሎዚን ይህን መመለሻ ስለሚዘጉት፣ ስኳሩ ጥቂት ጨውና ውኃ ይዞ በሽንት ይወጣል። በዚህም የልብ ሸክም ይቀልላል፤ በኩላሊት ማጣሪያዎች ውስጥ ያለው ግፊትም ይረግባል። የስኳር ሕመምተኛን ኩላሊት ያለ አንዳች ሕመም ለዓመታት ከሚያደክሙት ነገሮች አንዱ ይኸው ግፊት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነው የኢምፓግሊፍሎዚን ጥናት ስኳርና የልብ ሕመም ያለባቸው ከ7,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈው ነበር። መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት በ38 በመቶ፣ በልብ ድካም ሆስፒታል መተኛት ደግሞ በ35 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በ2020 ዳፓግሊፍሎዚን በኩላሊት ሕመምተኞች ላይ ሲጠና፣ ከሦስቱ አንዱ ያህል ጭራሽ ስኳር የሌለባቸው ነበሩ፤ እነርሱንም ጠቅሟቸዋል። ስለዚህ «ስኳሬ ደህና ነው፣ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ መተው ልክ አይደለም።

የጎረቤትሽ ወሬ ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክሬአቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት የሚያስወግደውና በደም ምርመራ የሚለካው ቆሻሻ፣ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ይህ የሚሆነው ያ የኩላሊት ማጣሪያዎች ግፊት ስለረገበ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ይረጋል። የእናቴም ከፍ ብሎ ነበር። ሐኪሟ አስቀድማ ስለነገረችን አልደነገጥንም፣ በቀጣዩ ምርመራም ረጋ። ጭማሪው ብዙ ከሆነ ግን ሐኪሙ ማየት አለበት። የሽንት ምርመራ ላይም ስኳር በብዛት ይታያል። መድኃኒቱ የሚሠራው እንዲሁ ነውና አትደንግጪ፤ ለመርማሪው አስቀድመሽ ንገሪው።

በእናቴ ላይ ለውጡን ያየሁት እግሯ ላይ ነው። ማታ ማታ የነጠላ ጫማዋ ማሰሪያ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጥልቅ መስመር ይተው ነበር፤ ቅልጥሟን በአውራ ጣት ስጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ከሌሎቹ የልብ መድኃኒቶቿ ጋር ይህን ከጀመረች ወዲህ እብጠቱ ቀንሷል፤ ደረጃውንም በየፎቁ ሳታርፍ ትወጣለች።

አሁን ጥንቃቄውን አደራ የምለው ነው። ሽንት ውስጥ ስኳር ስላለ በብልት አካባቢ የፈንገስ ማሳከክ ሊመጣ ይችላል። እንደኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ለመታጠቢያ የሚሆን ጀሪካን ለብቻው ይቀመጥ፤ አባትሽ አፍረው እንዳይደብቁም ቀድመሽ አንሺላቸው። ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ሲይዛቸው፣ ምግብ ሲያቅታቸው፣ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብም መድኃኒቱ ለጊዜው እንዲቆም ሐኪሙን ጠይቂ። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ጾሙ ሳይገባ ያማክሩ። ከባድ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመምና ፈጣን ትንፋሽ ከታየ፣ የስኳሩ ቁጥር ከፍ ባይልም እንኳ ወዲያው ሆስፒታል ውሰጂያቸው፤ ደም አሲዳማ የሚሆንበት አደገኛ ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን አብረው የሚወስዱ ከሆነም ስኳር እንዳይወርድባቸው የእነዚህ መጠን በሐኪም ሊስተካከል ይገባል።

ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌም ልብንና ኩላሊትን ይጠብቃል፤ ግን ዋጋው ለብዙዎቻችን የሚቀመስ አይደለም። በዋጋ ዳፓግሊፍሎዚን ይሻላል። ፋርማሲ ስትሄጂ የፋብሪካውን ስም ትተሽ «ዳፓግሊፍሎዚን» ብለሽ ጠይቂ፤ ከአንዱ ፋርማሲ ሌላው ዘንድ የዋጋ ልዩነት አለ። እኛ ሰፈር ሲጠፋ መገናኛ ወርጄ እገዛለሁ፤ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው መፈለግ እጀምራለሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ክሬአቲኒንና በሽንት ውስጥ ያለው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን እንዲለካላቸው ጠይቂ። የእኛ ሰው የጾም ስኳሩን ለክቶ ይመለሳል፤ ኩላሊት መጎዳት ሲጀምር ግን ቀድሞ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ አልቡሚኑ ነው። የደም ግፊታቸውንም በዚያው ይለኩ፤ የግፊት ወይም ውኃ የሚያሸና መድኃኒት ከወሰዱ ዝርዝሩን ይዘሽ ግቢ።