የውጪው መስመር ይጥቆር፣ የውስጡ ይፍካ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ መምህር። ኮምቦልቻ ላለው የትምህርት ቤትዎ የታሪክ ክበብ በዐድዋ የዘመቱትን የወሎ ፈረሰኞች በትንንሽ የወረቀት ምስሎች እየሠሩ መሆኑን ጽፈዋል። ኮምፒውተር ላይ ያማሩት ሰዎችና ፈረሶች ታትመው ሲወጡ እንደ ከሰል ክምር ስለጠቆሩብዎት «የዙሪያውን ጥቁር መስመር ላውጣው? ጠቆር ያሉ ቀለሞችንስ ልተዋቸው?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ደሴ ሆኜ ይህንኑ ሥራ ለዓመታት ስሠራ ቆይቻለሁ። መስመሩን አያውጡት፤ እንዲያውም ያወፍሩት። መቀነስ ያለበት በምስሉ ውስጥ ያለው ጥቁር ነው።

የዙሪያው መስመር ከዓይን በፊት የሚያገለግለው መቀስን ነው። 30 ሚሊሜትር ቁመት ያለውን ሰው ተማሪዎች ሲቆርጡ እጃቸው ግማሽ ሚሊሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ማለቱ አይቀርም። መስመሩ ቀጭን ከሆነ መቀሱ በሳተበት ሁሉ ነጭ ወረቀት ብቅ ይላል፤ ከጋሻው ሥር የቀረች አንዲት ነጭ ክር ከፈረሰኛው ቀድማ ትታያለች። የፊቱና የጀርባው ምስል ታጥፎ ሲጣበቅ ትንሽ መዛነፍ ስለሚኖርም ያንን የሚሸፍነው ይኸው ወፍራም ጥቁር ነው። እኔ ሲታተም 1 ሚሊሜትር እንዲሆን አድርጌ እሠራዋለሁ፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለሚሥል ሰው 12 ፒክስል ያህል ማለት ነው። በአራት እጥፍ አስፍተው የሚሥሉ ከሆነ መስመሩም በዚያው ልክ 4 ሚሊሜትር ይሁን፤ አለበለዚያ ምስሉን ሲያሳንሱት አብሮ ይመነምናል።

ጦር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሰውየው ርቆ የተዘረጋ ጦር ከተቆረጠ በኋላ ይጎብጣል፣ ብዙም ሳይቆይ ይበጠሳል። ወደ ትከሻው ጠጋ አድርገው ይሣሉትና በመካከል የሚቀረውን ክፍተት በጥቁር ይሙሉት። የፈረሱ እግሮች መካከልም እንዲሁ ይሁን። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ የሚያይ ሰው ያንን ጥቁር እንደ ባዶ ቦታ ይቀበለዋል፤ ጨርሶ አይረብሸውም።

የጠቆረብዎት ግን በውስጡ ቀለም የተነሣ ነው። ስክሪን የራሱን ብርሃን ይሰጣል፤ ወረቀት የሚመልሰው ከክፍሉ ያገኘውን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ሲሰርግ ጥቃቅኖቹ የኅትመት ነጥቦች ይሰፋሉ፣ እርስ በርስ ይነካካሉ፣ ጠቆር ያለው ሁሉ ወደ ጥቁር ይጠጋል። ስክሪን ላይ በደንብ የሚለዩት ጥቁር ካባ፣ ጉራች ፈረስና የሆዱ ሥር ጥላ ወረቀት ላይ አንድ ይሆናሉ። እኛ ዘንድ በክረምት የጦሳ ጉም ሲወርድ የመማሪያ ክፍሉ ራሱ ይጨልማልና ይህን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ኮምቦልቻ ብርሃኑ ይሻላል፣ አዳራሽ ውስጥ ካሳዩት ግን ያው ነው።

ስለዚህ ንጹሕ ጥቁርን ለዙሪያው መስመር ብቻ ያስቀሩት። ካባውን በግራጫማ ሰማያዊ ይቀቡት፤ እጥፋቱን ከዚያ ጠቆር ባለ ሰማያዊ ያሳዩ፤ ትከሻውንና የታችኛውን ጫፍ በፈካ ግራጫ መስመር ያውጡት። ዙሪያው ጥቁር ስለሆነ ተመልካቹ ጥቁር ካባ ነው ብሎ ያያል። ጉራቹ ፈረስም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ጋማውን፣ የአንገቱን መታጠፊያና የጭኑን ጡንቻ የሚለይ ፈካ ያለ መስመር ካላገኘ ፈረስነቱ ይጠፋል። ዳማውን ፈረስ ከሚያስቡት በላይ ወደ ቀይ ይውሰዱት። የውስጥ መስመሮች ሩብ ሚሊሜትር፣ ማለትም 3 ፒክስል ያህል ቢሆኑ ይበቃሉ፤ ቀለማቸውም እንደ ቦታው ይለያይ፦ ለቆዳ ጥቁር ቡናማ፣ ለነጭ ሸማ መካከለኛ ግራጫ፣ ለአንበሳው ጎፈር የተቃጠለ ብርቱካናማ።

ፊት ላይ በተለይ እንዲያስቡበት እለምንዎታለሁ። ስለ ወረቀት ምስል ከውጭ የምናገኛቸው ምክሮች ብዙዎቹ ፈዛዛ ፊት ያለውን ሰው እያሰቡ የተሰጡ ናቸው፤ እዚያ ጥቁር መስመር ምንም አይጎዳም። በእኛ አርበኞች ቡናማ ፊት ላይ ግን፣ ፊቱ በሙሉ 4 ሚሊሜትር በሆነበት፣ ጥቁር መስመር ዓይንና አፍንጫን ይውጣል። መፍትሔው ሰውን ማንጣት አይደለም፤ ያ እውነት አይሆንም፣ ልጆቹም የራሳቸውን ፊት ምስሉ ላይ ማየት ይገባቸዋል። ቡናማውን ሞቅ አድርገው ወደ ቀይ ያዘንብሉት፤ ግንባር፣ የአፍንጫ ድልድይና የጉንጭ አጥንት ላይ ፈካ ያለ ቡናማ ጠብ ያድርጉ፤ የዓይኑን ነጭ ከልኩ አስበልጠው ይሣሉት። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ተጠብቆ የኖረውን የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ሥዕሎች ፎቶ ቢያገኙ አተኩረው ይዩት፦ ደማቅ መስመር፣ በውስጡ ጥላ የሌለው ንጹሕ ቀለም፣ ትልልቅ ዓይኖች። ለ30 ሚሊሜትር ምስል ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ገጹን ሙሉ ከማሳተምዎ በፊት ምስሉን በኮምፒውተሩ ላይ ቀለም አልባ አድርገው እስከ እውነተኛ መጠኑ ያሳንሱት። ካባው ከፈረሱ፣ ፈረሱ ከጥላው ካልተለየ በቀለም ሲታተምም አይለይም። ከዚያ አንዱን ፈረሰኛ አራት ቦታ፣ ደረጃ በደረጃ እያፈኩ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ያሳትሙት። ሥራውን በሙሉ በሚያሳትሙበት በዚያው ማሽንና በዚያው ወረቀት ይሁን፤ ማሽን በተለየ ቁጥር ጥቁረቱም ይለያል። ስክሪን ላይ «ይህስ በዛ፣ ገረጣ» ያሉት ሦስተኛው ወይም አራተኛው ወረቀት ላይ ልክ ሆኖ ቢያገኙት አይገረሙ።

ወረቀቱ በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 200 ግራም ቢሆን ይቆማል። በቶነር (በዱቄት ቀለም) የታተመ ጥቁር መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃልና ከማጠፍዎ በፊት ማስመሪያ ይዘው ቀለሙ ባለቀ እስክሪፕቶ ጫፍ መስመሩን ይጫኑት። ተጣብቆና ተቆርጦ ካለቀ በኋላ የወረቀቱን ነጭ ጠርዝ ዙሪያውን በጥቁር ማርከር ያጥቁሩ፤ የማርከሩን ጫፍ ሳይሆን ጎኑን ከኋላ በኩል እያንሸራተቱ፣ ወደ ፊት እንዳይፈስ። የታተመው በፈሳሽ ቀለም ከሆነ በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የወሎን ጦር የመሩትን ራስ ሚካኤልን ከሠራዊቱ ለመለየት ከሌሎቹ የጠቆረ ልብስ አያልብሷቸው። በጨለማ ቀለሞች መካከል ዓይን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፈካው ነው፤ በአምባላይ ፈረስ ላይ ቢያስቀምጧቸው ከአዳራሹ በር ጀምሮ ይታያሉ።