ሲግል የማይነሣ ዳትሰን 240ዜድ፦ ከኮይሉ በፊት የተደፈነውን ቱቦ ይክፈቱ

አንድ የአዳማ ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ስለተሠራ ዳትሰን 240ዜድ መኪናቸው ጽፈውልናል። መኪናው ጠዋት ያለ ችግር ይነሣል፤ ረጅም መንገድም ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ከመተሐራ ሲመለሱ ወለንጪቲ ላይ ለቡና ሩብ ሰዓት ያህል አቁመውት ሊያስነሡት ሲሞክሩ ግን ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ እንቢ አለ፤ ኮፈኑን ሲከፍቱ ኃይለኛ የቤንዚን ሽታ ወጣ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ተነሣ። ቀደም ሲል ያዩት ጋራዥ ኮይል፣ ኮንደንሰርና ካንዴላ ቀይሮላቸዋል፤ ከሞተሩ አጠገብ የኤሌክትሪክ የቤንዚን ፓምፕ ገጥሞላቸዋል፤ «ያንጠባጥባል» በማለትም ወደ ሰልባትዮ የሚመለሰውን ቀጭን ቱቦ በብሎን ደፍኖላቸዋል። አሁን የሚጠይቁት ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽንና ትልልቅ የዌበር ካርቡሬተሮች ቢያስገቡ ችግሩ ይወገድ እንደሆነ ነው።

ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ ልቤ የቀረው በብሎን የተደፈነው ቱቦ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ሳለ የሚነሣ፣ ሲሄድ የማያስቸግር፣ ግሎ ከቆመ በኋላ ብቻ የሚያምፅና ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ካርቡሬተራም መኪና ብዙውን ጊዜ እሳት አላጣም፤ ቤንዚኑ ከሚገባው በላይ ሞቆበታል። ስለዚህ ሌላ ዕቃ ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሙቀቱን ተከትለው ይሂዱ።

ጥርጣሬዬን ማረጋገጥ ቀላል ነው። መኪናው ግሎ አልነሣም ባለበት ሰዓት የታይሚንግ መብራት በአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ላይ ያጥልቁና ሞተሪኖውን ያዙሩ፤ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ካለ እሳት አለ ማለት ነው። ካንዴላ ነቅሎ ከሞተሩ አካል ጋር በማስነካት እሳት የመፈተን ልማድ አለ፤ ቤንዚን በሚሸት ሞተር ላይ ይህን ፈጽሞ አያድርጉ። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውን ክዳን ከፍተው የሁለቱን ካርቡሬተሮች ጉሮሮ ይመልከቱ። ሞተሩ ቆሞ ሳለ የቤንዚኑን መጠን ከሚወስነው መርፌ ሥር ቤንዚን እያበጠ ሲወጣና የጉሮሮው ወለል ረጥቦ ሲያብለጨልጭ ካዩ ምርመራው አልቋል። መብራቱ ካልበራ ብቻ ወደ ኮይሉና የኮይሉን ኤሌክትሪክ ወደሚያቆራርጠው ፑንቲና ይመለሱ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ ሁሉ የቤንዚን መስመር መክፈትን ስለሚጠይቅ ማስጠንቀቂያዬን እዚህ ላይ ላስቀምጥ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ፤ ሥራውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ደጅ ላይ ያከናውኑ፤ የዱቄት እሳት ማጥፊያ እጅዎ በሚደርስበት ቦታ ይኑር። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ እርስዎ ያላዩት የከሰል ምድጃ ጓሮ ውስጥ እየነደደ ከሆነ እሳቱ ተመልሶ ይመጣብዎታል።

ለምን ቆሞ ሳለ ብቻ እንደሚያስቸግር በደንብ ላስረዳ፤ ይህ ከገባዎት ቀሪውን ሥራ ያለ እኔ ይጨርሱታል። የዚህ መኪና ኤል24 ሞተር መሳቢያውም ሆነ የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በአንድ ጎን ነው፤ ሁለቱ ኤስዩ መሰል (የእንግሊዙን ኤስዩ ካርቡሬተር አሠራር የተከተሉ) ሂታቺ ካርቡሬተሮች የተቀመጡት በቀጥታ ከጋለው የጭስ ብረት በላይ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ቬንትሌተሩ አየር ይነፍሳል፤ ውሃው ይዞራል፤ ከሰልባትዮ የሚመጣው ቀዝቃዛ ቤንዚንም ካርቡሬተሩን እያቀዘቀዘ ያልፋል። ቁልፉን ሲያጠፉ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይቆማሉ፤ የብረቱ ግለት ግን አይቆምም። ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣና ለሩብ ሰዓት ያህል ቤንዚን የሚጠራቀምበትን የካርቡሬተሩን ጎድጓዳ ያበስለዋል። ቤንዚን እንደ ውሃ አንድ የመፍያ ነጥብ የለውም፤ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ስለሆነ ቀላሎቹ ክፍሎቹ በባሕር ወለል ላይ እንኳ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሲደርሱ መፍላት ይጀምራሉ። አዳማ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውሃ እንኳ እዚህ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቤንዚኑም እንዲሁ ቀድሞ ይፈላል። ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ቤንዚን ሲፈላ አረፋው ሽቅብ ይገፋውና እንደ ጀበና ቡና ይገነፍላል፤ መውጫው በመርፌው ሥር ስለሆነ የሚፈሰው ወደ ማኒፎልዱ ነው። ካንዴላዎቹ ይርሳሉ፤ ሞተሩም በቤንዚን ይታፈናል። በተመሳሳይ ሰዓት በሞተሩ ፊት ለፊት፣ በቴርሞስታቱ መያዣ አጠገብ በሚያልፈው የብረት ቱቦ ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ ትነት ይለወጣል፤ የሜካኒካል ፓምፑ ደግሞ ፈሳሽ እንጂ ትነት መግፋት ስለማይሆንለት የታፈነው ሞተር ተጠርጎ ቢነሣ እንኳ ወዲያው ተርቦ ይጠፋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚነሣው ሁሉም ስለበረደ ነው።

አሁን ወደ ተደፈነው ቱቦ እንምጣ። ዳትሰን ያንን መመለሻ የሠራው ካርቡሬተሮቹ ያልተጠቀሙበት ቤንዚን እየዞረ ወደ ሰልባትዮ እንዲመለስ፣ መስመሩም በማያቋርጥ ፍሰት እንዲቀዘቅዝና ትነቱ መውጫ እንዲያገኝ ነው። የሚያንጠባጥብን የጎማ ቱቦ በአዲስ መቀየር ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ በብሎንና በፋሼታ ጠርንፎ ባለንብረቱን መሸኘት ጥገና ሊባል አይችልም። ብሎኑን ያውጡ። መመለሻው 6 ሚሊ ሜትር፣ ዋናው መስመር 8 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ጎማ ይፈልጋል፤ ለቤንዚን የተሠራ መሆኑ በላዩ የተጻፈበትን ብቻ ይግዙ። በርካሽ የሚሸጠው የውሃና የአየር ጎማ ቤንዚን ሲነካው አብጦ ይሰነጠቃል። ከካርቡሬተሮቹ በሚወጣው መስመር ጫፍ ላይ ጠባብ ማነቂያ ቀዳዳ አለች፤ ግፊቱን የምትጠብቀው እሷ ስለሆነች አያስፉአት፤ በቀጭን የመዳብ ሽቦ አጽድተው ይተዉአት። ከጭስ ማውጫው አጠገብ ግልጽ የፕላስቲክ ፊልትሮ ተገጥሞ ከሆነም ዛሬውኑ ያስወግዱት፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ይደርቅና ስንጥቁ የሚታየው ካፈሰሰ በኋላ ነው።

ቀጥሎ በካርቡሬተሮቹና በጭስ ማኒፎልዱ መካከል የሙቀት መከላከያ ላሜራ መኖሩን ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ማኒፎልዱ ሲፈታ ይወጣና ተመልሶ አይገባም። ከሌለ ደህና የላሜራ ሠራተኛ በአሉሚኒየም ሊሠራልዎት ይችላል፤ ወደ ሞተሩ የሚያየውን ፊት ሳይቀባ ይተወው። በካርቡሬተሩና በመሳቢያው ማኒፎልድ መካከል የሚገቡት ወፋፍራም ጥቁር መለያያዎችም ሙቀት እንዳያልፍ የተሠሩ ናቸው፤ በቦታቸው የወረቀት ጓርኒሲዮን ብቻ ካገኙ የችግሩን ሌላ ግማሽ አገኙ። በሞተሩ ፊት የሚያልፈውን የብረት ቱቦ ደግሞ ሙቀት በሚከላከል ጨርቅ ይጠቅልሉ።

የኤሌክትሪክ ፓምፑ ነገር በእውነት አሳስቦኛል። እንዲህ ያለ ፓምፕ መግፋት እንጂ መሳብ ስለማይሆንለት ቦታው ከኋላ፣ ከሰልባትዮው ጎን፣ ዝቅ ብሎ ነው፤ ፋብሪካው ራሱ ከ240ዜድ ቀጥሎ በመጣው በ260ዜድ ላይ የኤሌክትሪክ ፓምፑን ያስቀመጠው እዚያ ነው። የጋለ ሞተር አጠገብ ሲገጠም ትነቱን ያብሳል። በተጨማሪም እነዚህ ካርቡሬተሮች የሚፈልጉት ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ብቻ ነው፤ የገጠሙልዎት ለማንኛውም መኪና ይሆናል ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት ከሆነ ከዚያ በላይ ገፍቶ ቤንዚን ወደ ጎድጓዳው መግባቱን የሚዘጋውን መርፌ ባልቦላ ያሸንፍና የማጥለቅለቁን ችግር ያብሰዋል። በጌጅ ይለኩት። የሜካኒካል ፓምፑ በልኩ የሚገፋ ከሆነ ኤሌክትሪኩን አውጥተው ይተዉት። ኤሌክትሪክ እንዲኖር ከፈለጉ ግን በሪሌና በፊውዝ ይገጠም፤ ከዘይት ግፊት ስዊች ጋር ተያይዞም ሞተሩ ሲቆም አብሮ የሚጠፋ መሆን አለበት። በቀጥታ ከቁልፉ ጋር የተያያዘ ፓምፕ መኪናው ተጋጭቶ ቱቦው ቢበጠስ እንኳ በጋለ ብረት ላይ ቤንዚን ማፍሰሱን አያቆምም። ይህን ሽቦ ሳያስተካክሉ መኪናውን ወደ ፍጥነት መንገዱ እንዳያወጡት አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ሊሆን እንደሚችልም እገምታለሁ፤ «አገራችን ሞቃት ነው» እየተባለ ተነቅሎ ያላየሁት አሮጌ መኪና ጥቂት ነው። በ82 ዲግሪ የሚከፈተውን ይመልሱ። እሱ ከሌለ ሞተሩ ጠዋት ቶሎ ስለማይሞቅ ለረጅም ጊዜ በቾክ ይሠራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ቆሞ ሳለ ለሚመጣው ግለት ግን አንዳች አይፈይድም።

እነዚህ ሥራዎች እስኪያልቁ ድረስ መኪናው ግሎ አልነሣም ሲልዎት ቾኩን ሳይነኩ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠው ይዘው ሞተሪኖውን ያዙሩ። ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ግን ጥቅም የለውም፤ እነዚህ ካርቡሬተሮች ሲረገጡ ቤንዚን የሚረጭ ፓምፕ የላቸውም። በፓምፑና በብረት ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማልበስም ይረዳል፤ በጋለው የጭስ ማኒፎልድ ላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱ፤ ይሰነጠቃል።

ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ የቤንዚንና የአየሩን ድብልቅ ይመልከቱ። የመርፌ ማስተካከያ ዳዶውን እስከ ላይ ካጠበቁ በኋላ ሁለት ዙር ተኩል ወደ ታች በማላላት ይጀምሩ፤ የአዳማ አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ ድብልቁ መብዛቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የካንዴላው ቀለም ፈካ ያለ ቡኒ እስኪሆን ድረስ ሁለቱንም እኩል፣ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ላይ ይመልሱ። በካርቡሬተሮቹ ውስጥ ያሉትን ፒስተኖች ዘይት መሙላትም አይርሱ።

ስለ ማሻሻያው ደግሞ የምመክርዎት ይህ ነው። ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ጥሩ ነው፤ በየጊዜው ፑንቲና ከመለካትና ዛሬ ገበያ ላይ ካለው ዕድሜ የለሽ ኮንደንሰር ይገላግልዎታል። ሲገዙ ግን ኮይልዎ በሬዚስተር በኩል ኤሌክትሪክ የሚቀበል መሆኑን ለሻጩ ይንገሩ፤ ሳይስማሙ ከተገጠሙ አንዱ ሌላውን ያቃጥላል። ዌበሮቹን ግን አሁን አይግዙ። እነሱም የሚሰቀሉት በዚያው በጋለ ብረት አናት ላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ የጎደለውንም አየር አያመጡም። 240ዜድ እ.ኤ.አ. በ1971ና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈ መኪና ነው፤ በእኛ ዓይነት ሙቀትና አቧራ ውስጥ መሥራት ይችላል። ገንዘቡን ባልቦላዎቹን ለማስለካት ያውሉት፤ ሞተሩ ግሎ ሳለ የመሳቢያው 0.25፣ የጭስ ማውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያም የተረፈው ቤንዚን የማይበላው ጥሩ ጎማና ጠንካራ ፋሼታ ለመላው መስመር ይግዛልዎት፤ የቱንም ጫፍ ከመፍታትዎ በፊት ግን በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ።